የትንሹ ፊታውራሪ ዓይኖች

በዘርማት መንግሥት፣ የመጸው በዓል በዋለበት ዕለት ጠዋት፣ በሰልፉ ገበታ ላይ ከቆሙት ምስሎች አንዱ አለቀሰ።

ምስሉ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ፣ ቁመቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ፊታውራሪ ነበር። ከግራ ዓይኑ ሥር አንዲት ጥቁር የቀለም ዘለላ ወርዳ ጉንጩ ላይ ቆማለች። ይህን ምልክት ያየችው የምስሎቹ ዓይን ሠዓሊ ትርሲት ብቻ ነበረች። ግራና ቀኝ ተመለከተች። አዳራሹ ባዶ ነው። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ዘለላዋን ጠረገችና ለማንም ሳትናገር ወጣች።

ዘርማትና ጎረቤቷ ሐሩማ በጦር መዋጋት ከተዉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የሁለቱ አገር አባቶች አንድ ሙሉ ትውልድ ከቀበሩ በኋላ እንዲህ ብለው ተማምለው ነበር፦ «ከእንግዲህ ጠባችንን በገበታ እንጨርስ። ምስል ይውደቅ እንጂ ሰው አይሙት። የተሸነፈ ያስያዘውን ምድር ይልቀቅ። ይህን መሐላ ያፈረሰ ዘሩ ይጥፋ!»

ከዚያ ወዲህ በየሰባት ዓመቱ ሁለት የምስል ሠራዊት ፊት ለፊት ይሰለፋል። የገበታው ተራሮች ከሸክላ፣ ወንዙ ከመስተዋት የተሠሩ ናቸው። ምስሎቹን የሚያንቀሳቅሳቸው የሰው እጅ አይደለም። ዓይኑ እንደሚገባ የተሣለ ምስል ያያል፤ ያየም ምስል ራሱ ይራመዳል፣ ራሱ ይዋጋል። ዓይኑ የተበላሸ ግን የሚያየውን ያበላሻል።

ትርሲት ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ከመምህር ዘኬዎስ ነው። እርሳቸው በክረምቱ ሲያርፉ የፊታውራሪውን ዓይን የማደሱ ሥራ በእጇ ቀረ። «ጥቁሩን ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር አስጠጊው» ይሏት ነበር፤ «በነጩ መካከል ብቻውን ከተንሳፈፈ ሰውዬው የደነገጠ ይመስላል።» ቀኙ አማረላት። ግራው ግን ዙሪያውን ነጭ ከቦት ፈጦ ቀረ። ለማረም በቆዳ ቀለም ሸፍኖ፣ አድርቆ፣ እንደገና መጀመር ያስፈልግ ነበር። በዓሉ ደግሞ ደርሷል። እርሷም ደክሟታል። «የሽንብራ ፍሬ በምታህል ፊት ላይ ይህን ማን ያያል?» ብላ ብሩሹን አጠበች።

ምስሉ ባለቀሰበት በዚያው የበዓል ቀን ከሰዓት በኋላ የሐሩማ ምስሎች የመስተዋቱን ወንዝ ሲሻገሩ የዘርማቱ ፊታውራሪ አያቸውና ደነገጠ። ሰይፉን አንሥቶ ደርቆ ቆመ። ትእዛዙን የሚጠብቁት ወታደሮቹ በቆሙበት ረገፉ፤ በመጨረሻም እርሱ በፊቱ ተደፋ። ሲያነሡት የሁለቱም ዓይኖቹ ቀለም ተሰነጣጥቆ ረግፏል። ለም የሆነው የሸለና ሸለቆ፣ ከሦስት መቶ አባወራዎቹ ጋር፣ በአንድ ከሰዓት ተሸነፈ። ሰዎቹ በዘጠና ቀን ውስጥ እንዲለቁ ተወሰነ።

ንግሥት ሶልያና መኳንንቱን ሰበሰበች። «በአባቶቻችን ሕግ የተሸነፈ በዘጠና ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዳግመኛ የመሰለፍ መብት አለው» አለች። «ነገር ግን ፊታውራሪያችን ዕውር ነው። ዓይኑም ከብሌን ሐይቅ በሚቀዳ ጥቁር እንጂ በሌላ አይሣልም። ያ ጥቁር አልቋል። ለመሆኑ ይህ ውርደት ከምን እንደ መጣብን የሚያውቅ አለ?»

ትርሲት መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። ዝምታው ሲከብዳት ግን ወደ ፊት ወጥታ ተንበረከከች።

«ንግሥት ሆይ፣ ጥቁሩን እኔ አመጣለሁ። ሳላመጣ ብመለስ እጄ ብሩሽ አይያዝ፤ ስሜም ከሠዓሊዎች ስም ይፋቅ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እልልታው እንደ እሳት ፈጃት።

ሁለት ሰዎች አብረዋት ወጡ። አንዷ እመት ስንዱ፣ ከተራራው መድኃኒት ሲለቅሙ ያረጁ መንገድ መሪ ናቸው። ሌላው ጎንጤ የሚባል ወታደር ነው። ጎንጤ የሸለና ልጅ ነበር፤ ቤቱም ሚስቱም ማሳውም እዚያው ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተጓዙ። በሰባተኛው ቀን፣ ቀይ ገደል በሚባለው ስፍራ፣ ክንፍ ያላቸው ጅቦች ከአለቱ ላይ ወረዱባቸው። አንዱ ትርሲትን በነጠላዋ ነክሶ ወደ ገደሉ ሲጎትታት ጎንጤ በጦሩ ወጋው። ጥፍሩ ትከሻውን ቀዶት ነበር፤ እመት ስንዱ ቅጠል ወቅጠው አሰሩለት።

«ነፍሴን አተረፍክ» አለችው ትርሲት።

«አንቺ ደግሞ አገሬን ልትመልሺ እየሄድሽ ነው፤ ምን አደረግሁልሽ?» አላት ፈገግ ብሎ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ከአንድ ሸንተረር ጫፍ ደረሱ። ከታች ሸለና ተዘርግቶ ይታያል። ማሽላው ቀልቷል፤ ጭስ ከየጣሪያው ይወጣል። ጎንጤ ጦሩን ተደግፎ ቆመ። ትርሲት በልማዷ ዓይኖቹን ተመለከተች። አልተቆጡም፤ አላለቀሱም። ቆቦቹ በጥቂቱ ወርደው፣ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ፣ አንድ ሩቅ ነገር ላይ ዐርፈዋል። የሚወደውን ነገር እንዳይረሳ የሚያጠና ሰው አስተያየት ነበር።

«ጎንጤ» አለችው።

«አቤት እህቴ።»

ያ ጠዋት፣ ዘለላዋ፣ ነጠላዋ፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። «ትከሻህ... አሁንም ያምሃል?» አለች።

«ተሽሎኛል» አለና መንገድ ቀጠሉ። ትርሲት በዕድሜዋ ሙሉ ያን ሸንተረር እንደ ረገመችው ኖራለች።

ብሌን ሐይቅ ክብና ጥቁር ነው፤ ቀትር ላይ እንኳ ሰማይ አይታይበትም። ዳሩ ላይ ሲደርሱ ውኃው ተገመሰና ሺህዓይኔ የሚባለው ፍጡር ወጣ። አካሉ እንደ ጉማሬ የገዘፈ ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በሰው ዓይኖች ተሸፍኗል። የሽማግሌ፣ የሴት፣ የጎልማሳ ዓይን ሁሉ አለበት። ሁሉም እንግዶቹን በአንድ ጊዜ አዩ።

«የምትፈልጊውን አውቃለሁ» አለ በዝግታ። «የእኔ የሆነ ዓይን የለኝም፤ ያሉኝ ሁሉ የተሰጡኝ ናቸው። ለአንድ ፊታውራሪ የሚበቃ ጥቁር እሰጥሻለሁ፤ በምትኩ አንድ ሰው የዓይኑን ብርሃን በፈቃዱ ይሰጠኛል። ምስሉም በዚያ ሰው አስተያየት ያያል።»

ትርሲት «የእኔን ውሰድ!» አለች።

«ዓይን የሌላት ሠዓሊ በጥቁሩ ምን ታደርግበታለች?»

እመት ስንዱ ምርኩዛቸውን ጥለው ቀረቡ። «እኔ ከዚህ በኋላ የማየው ብዙ የለኝም። የእኔን ውሰደው፣ ልጆቹን ተዋቸው።»

«እናቴ፣ የእርስዎ ብርሃን ሊጠልቅ ነው። ምስሉ ጭጋግ ብቻ ያያል።»

ጎንጤ ጦሩን መሬት ላይ ሰካ። «ቤቴን ለማስመለስ አንገቴን ልሰጥ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት» አለ። «ዓይን ብቻ ከተጠየቅሁ ርካሽ ነው።» ከዚያ ወደ ትርሲት ዞረ። «እህቴ፣ የምትይው ነገር ካለ አሁን በይ።»

ሊሰናበታት ነበር እንዲህ ያለው። እርሷ ግን እንደ ፍርድ ቤት ጥያቄ ሰማችው። ብትናገር ይተወዋል፤ ከተወው ሸለና ይቀራል። እንዲህ ብላ አሰበች፤ ወይም እንዲህ ያሰበች መሰላት። ፍርሃቷም በዚህ ሐሳብ ሥር ተሸሸገ። «እግዚአብሔር ይክፈልህ» ብቻ አለችው።

ሺህዓይኔ ግንባሩን በጎንጤ ግንባር ላይ አሳረፈ። ሲነሣ በአንገቱ ላይ ሁለት አዳዲስ ዓይኖች ተከፍተው ነበር። ጎንጤ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አየሩን ዳሰሰ። «ፀሐይዋ ወጥታለች?» ሲል ጠየቀ። ቀትር ነበር። በትርሲት የቀንድ ብልቃጥ ውስጥ ግን ሁለት ጠብታ ጥቁር ተገኘ።

ዕውር እየመሩ መመለሱ ብዙ ጊዜ ስለ ወሰደባቸው፣ ዘጠናው ቀን ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ደረሱ። ትርሲት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ በመስኮት ሥር ተቀመጠች። ፊታውራሪውን በእንጨት እጀታ ላይ በሰም አጣብቃ፣ እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ሁለቱን ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። በመጀመሪያ የዓይኑን ጎድጓዳ በጠቆረ ቡናማ ሞላች። በላዩ ነጩን አኖረች፤ ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ጥቂት አመድ የነካውን፣ የሰው ዓይን እንደዚያ ነውና። እስኪደርቅ እጆቿን አጣጥፋ ጠበቀች። በዚህ ጊዜ ግን አልቸኮለችም።

ከዚያ ብሩሹን በጥቁሩ ነከረች። ጫፉን በጥፍሯ ላይ አሹላ፣ ለእጇ የማይመቸውን የግራውን አስቀደመች። ትንፋሿን ዋጠች። ሸንተረሩን አሰበች፤ በጥቂቱ የወረዱትን ቆቦች፣ ሩቅ ያረፈውን አስተያየት። ነካ አደረገችና አነሣች። ቀኙንም ግራው ወደሚያይበት አዞረችው። በመጨረሻ በያንዳንዱ ላይ ከመርፌ ጫፍ ያነሰች የብርሃን ነጥብ ጣለች።

ፊታውራሪው አያት። ያየቻት የጎንጤ ዓይን ነበረች። ትርሲት ምስሉን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

በሰልፉ ቀን ሐሩማዎች እንደ ቀድሞው በወንዙ በኩል መጡ። ፊታውራሪው ግን ሸለቆውን እንደ ገዛ ጓሮው የሚያውቅ ሰው ሆኖ ተመለከተ። ግማሹን ሠራዊት በሸክላው ኮረብታ ጀርባ አዞረ፤ እርሱ ራሱ መልካው ላይ ቆሞ ሐሩማዎቹን ያዘ። ሲዋጋም ከሰይፍ ወደ ሰይፍ እንጂ ወደ ኋላ አላየም። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የሐሩማ ዐርማ ወደቀ። ንግሥቲቱ ተነሥታ «ሸለና ተመለሰ!» ስትል የከተማው ጩኸት ግንቡን አናወጠ።

ትርሲት ከጩኸቱ ሸሽታ ጎንጤን በቤተ መንግሥቱ የአትክልት ስፍራ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ሰማሽ? አሸነፍን እኮ!» አላት።

«ጎንጤ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።» አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ፈጥጦ የቀረውን ዓይን፣ የጠረገችውን ዘለላ፣ በንግሥቲቱ ፊት ዝም ማለቷን።

ጎንጤ ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። «ሐይቁ ዳር ሳለን ይህን ታውቂ ነበር» አለ።

«አውቅ ነበር።»

«ሸንተረሩ ላይስ? በስሜ ጠርተሽኝ ስለ ትከሻዬ የጠየቅሽኝ ጊዜ?»

«ያን ጊዜም።»

«ብትነግሪኝ ምናልባት ያኔም እሰጥ ነበር። ሰድቤሽ፣ አልቅሼ፣ ከዚያ እሰጥ ነበር ይሆናል። አሁን ግን እሰጥ እንደ ነበር በምን ልወቅ? ዓይኔን ሐይቁ ሲወስድ ፈቅጄ ነው። ይህን ግን አንቺ ሳልፈቅድ ወሰድሽብኝ።» ተነሥቶ በምርኩዙ መንገዱን እየዳሰሰ ሄደ። ልትደግፈው ብትነሣ «ተይ» አላት።

ያንኑ ዕለት በንግሥቲቱ ፊት ቆማ ተናዘዘች። ሶልያና ፊቷ ገረጣ። «ሕዝቡ በስምሽ እየዘፈነ ነው፤ ዛሬ ብቀጣሽ ድሉንም ዓይኑን የሰጠውን ሰውም እንደ መቅጣት ይሆናል» አለቻት። «ሂጂ። በደልሽን ራስሽ ተሸከሚው።»

በየዓመቱ በመከር ትርሲት ወደ ሸለና ትወርዳለች። በመጀመሪያው ዓመት የጎንጤ ሚስት ከደጅ ሆና «አይፈልግም» ብላ መለሰቻት። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ዓመት ሚስቱ በሩን ገፋ አድርጋ ከመንገድ ዞር አለች።

ጎንጤ በመደብ ላይ ተቀምጧል። እርሱ ከዘመተ በኋላ የተወለደች ልጁ ጉልበቱ ላይ ሆና በጢሙ ትጫወታለች።

«አንቺ ዓይን ታውቂያለሽ» አለ ሰላምታ ሳያስቀድም። «ሰው ሁሉ አንተን ትመስላለች ይለኛል። ከዚያ አልፎ የሚነግረኝ የለም። ዓይኗ እንዴት ያለ ነው?»

ትርሲት ከሕፃኗ ፊት ተንበረከከች። «ቡናማ ነው» አለች፤ «ጠርዙ ላይ ይጠቁራል። ቀኙ ከግራው በጥቂት ይሰፋል፤ ካልቀረቧት አይታወቅም።»

«እየሳቀች ነው?»

«አይደለም። ዝም ብላ እኔን እያየችኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣት አለ። ጎንጤ የልጁን ራስ እየዳበሰ ጠበቃት፤ ጠብቆ ጠብቆም «ቀጥዪ እንጂ» አላት።