ከሲስተር ዘይነባ አልጋ በላይ ያለው ቱቦ

ጂን፣ ዛር፣ መንፈስ የሚባል ወሬ ሲነሳ ጥዬ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ እንኳ ስለ ጥላ ወጊ ስታወራ «እማዬ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ» እያልኩ አናድዳት ነበር፣ እና ይህን የምነግራችሁ እንድታምኑኝ ብዬ ሳይሆን ለብቻዬ መያዙ ስለከበደኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ከአዋሽ ወረድ ብሎ ባለ የጥጥ እርሻ የኤር ኮንዲሽን ጠጋኝ ነበርኩ። የሠራተኛ ቤቶቹ ኮርኒስ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር የሚያደርስ የቆርቆሮ ቱቦ ነበር፣ ታዲያ ጥጡ ውኃ በሚጠጣበት ወራት አየሩ ይረጥብና ቱቦው እንደ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ያልበዋል፣ ላቡ ኮርኒሱን ያበሰብሳል፣ በአየር መውጫው በኩል ጠብ ጠብ እያለ አልጋ ያርሳል። መድኃኒቱ መገጣጠሚያውን መድፈን፣ ቱቦውን በወፍራም ሱፍ መጠቅለል፣ ከዚያ እርጥብ አየር እንዳይገባበት ከላይ ፕላስቲክ ማልበስ ነው።

በዚያ ሰሞን ቤት ለቤት ስዞር ሰው ሁሉ ሳፋና ባልዲ ደርድሮ ይጠብቀኛል፣ ያልጠራችኝ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ዘይነባ ብቻ ነበረች። የወሎ ልጅ ናት፣ ባሏ ሰይድ የእርሻው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ለጦሩ ጭነት እንዲያደርስ ታዞ ሄደ፣ አዳይቱ ከተማ ላይ ሲያልፍ አየሁት ያለ ሰው አለ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ወሬው ጠፋ።

«ሲስተር፣ ያንቺ አያንጠባጥብም?» አልኳት ከሰዓት በኋላ ደጇ ላይ ቆሜ።

«ሳሎኑን ሥራልኝ። መኝታ ቤቱን ተወው፣ ጌታቸው።»

እኔ ደግሞ ተወው ሲሉኝ አልተውም፣ መሰላል አቁሜ ኮርኒሱ ውስጥ ገባሁ፣ ልክ ከአልጋዋ በላይ ሱፉ ተቀዶ ቆርቆሮው ራቁቱን ቀርቷል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ኮርኒሱ እንደ ራሰ ካርቶን ለስልሷል። አልጋው ላይ መዝነብ ነበረበት! ወርጄ መኝታ ቤቱ ገባሁና አልጋው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቆሜ መውጫውን በጣቴ ብነካው ደረቅ፣ እመኑኝ፣ አሁን የተወለወለ ሳህን ይመስል ነበር።

«ማን ነው የሚጠርግልሽ?»

«ሰይድ» አለች።

ከወንበሩ ወርጄ መሰላሌን ሳነሳ ቀጠለች፦

«ሌሊት ተረኛ ሆኜ ገብቼ ቀን ስተኛ፣ እንዳይንጠባጠብብኝ ወንበር ላይ ወጥቶ በሽርጡ ይጠርግልኝ ነበር። ከሄደ ወዲህም አልተወም። ወላሂ አላበድኩም፣ ቁጭ በልና እይ።»

የመኝታ ቤቱ በር ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ለማሳፈር ነበር እንጂ ለማየት አልነበረም። መውጫው ጠርዝ ላይ ጠብታ ተጠራቀመች፣ አበጠች፣ ተንቀጠቀጠች፣ አሁን ወደቀች ስል ጨርቅ ብረት ላይ ሲሄድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ፣ ጠብታዋም ሳትወድቅ ጠፋች። ወንበሩ ባዶ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ፀጉሬ ቆመ፣ እሷ ግን ፈገግ ብላ ነበር።

«ኮርኒሱ በስብሷል እኮ፣ ሲስተር፣ አንድ ቀን ተደርምሶ ይጎዳሻል» አልኩ እንደምንም።

«ከጠቀለልከው ላብ አይኖርም። ላብ ከሌለ እሱ ምን ብሎ ይመጣል?»

ወደ መውጫው ቀና ብላ አየች፣ ነጠላዋን ሳበችና ዓይኗን ጠረገች።

«ጠቅልለው» አለች መጨረሻ ላይ። «በቁሙም እንቅልፍ አያውቅ፣ አሁን እንኳ ይረፍ።»

ሱፉን ይዤ ተመልሼ ወጣሁ። ቱቦው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው የሚያልፈው፣ በማዶ ያለው ክፍተት ድመት እንኳ አያስገባም፣ ሁልጊዜ ሱፉን በላዩ ወርውሬ ጫፉን ከታች በሽቦ ጎትቼ ነበር የማመጣው። ሽቦዬን ስፈልግ የሱፉ ጫፍ በቱቦው ሥር መጥቶ መዳፌ ላይ ዐረፈ።

«አመሰግናለሁ፣ ሲስተር» አልኩ ሳላስበው።

«ምን አልከኝ?» አለች፣ ድምፅዋ የመጣው ከታች ከሳሎን ነው።

ልሽሽ አልሽሽ? ጠቀለልኩ፣ እዚያ ማዶ ያለው ሱፉን ወጥሮ ያዘልኝ፣ ወደ ሌላኛው መገጣጠሚያ ስሄድ አብሮኝ ሄደ፣ ፕላስቲኩን አልብሼ የመጨረሻውን ገመድ ሳስር ጣቶች ጣቶቼን ነኩኝና ለቀቁ። እንግዳ ነገር ነው፣ ፍርሃቱ ያኔ ነው የለቀቀኝ፣ አብሮኝ ከሚሠራ ሰው ጋር የተሰናበትኩ መሰለኝ።

ስወርድ መሰላሉን ይዛልኝ ቆማ ነበር። ፊቴን አየችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ደክሞታል?»

«ሥራው አልቋል፣ ሲስተር» ብቻ ነው ያልኩት፣ እሷም ራሷን ነቅንቃ ገብታ ተኛች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ እርሻ ተዛወርኩ፣ ሰይድ ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሞቶ ከነበረ አሳረፍነው እላለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን እኔ የነካሁት እጅ፣ እመኑኝ፣ ቀዝቃዛ አልነበረም፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ እንደ ዋለ ሰው እጅ ሞቆ፣ ላብ አርሶት ነበር። ታዲያ ያን ቀን የሆነ ቦታ በሕይወት ከነበረ፣ ወደ ቤቱ የሚመላለስበትን ብቸኛ መንገድ ነው የደፈንኩት?