«ዛሬ ዝግ ነው»

ሩሐማ ጭልፋውን ጨብጣ ዓይኗን ከበሩ ላይ መንቀል አቅቷታል። ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ብቅ ባለ ቁጥር ልቧ ድው ይላል። ሰውየው ቀረብ ሲል ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ እፎይ ትላለች። ወዲያው ደግሞ ሌላ ባርኔጣ ይመጣል።

«አንቺ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ!» አለቻት አጠገቧ እንጀራ የምታድለው ጓደኛዋ ሜቲ። «ኧረ ፈታ በይ! በቃ ሽሮ ነው የምንጨልፈው፣ የማትስ ፈተና አይደል።»

«ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ሙቀቱ ነው።»

ያሉት ባምቢስ ከሚባለው ሰፈር ዝቅ ብሎ ባለ የምገባ ማዕከል ውስጥ ነው። ዱቄቱን፣ ዘይቱንና የወጥ ቤት ሠራተኞቹን ደሞዝ የከተማው አስተዳደር ይችላል፤ የቸገረው ሰው ቀን ቀን መጥቶ በነፃ ይበላል። ዛሬ ዓርብ ከክፍለ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ታጥቧል፤ ካሜራ የተሸከሙ ሰዎችም ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የነሩሐማ ትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ክበብም ምግብ በማደል ሊያግዝ ነጭ ሽርጥ አስሮ መጥቷል። ከዘጠነኛ ክፍል የተመረጡት ሩሐማና ሜቲ ናቸው።

የሩሐማ ፍርሃት ታዲያ ይሄ ነው፤ አያቷ አባባ ገበያው በየቀኑ የሚበሉት እዚህ ነው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ዑራኤል ጀርባ አንዲት ክፍል ከተከራዩ ወዲህ፣ ደምበል አካባቢ ቢሮ የምታጸዳው የእናቷ ደሞዝ ከኪራይ አላልፍ አለ። ሽማግሌው አንድ ቀን ማንንም ሳያማክሩ ባርኔጣቸውን አደረጉና ሄደው ተሰለፉ። ይህን ከክፍሏ ልጆች አንድም ሰው አያውቅም። ሜቲ የምታውቀው የሩሐማ አያት ሐዋሳ፣ አጎቷ ጋ እንደሚኖሩ ነው።

ለምን እንደዚያ ብላ እንደዋሸች ሩሐማ ራሷም አታውቅም። አይ፣ ታውቃለች እንጂ! አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በዚህ በር ሲያልፉ ሜቲ ሰልፉን አየችና፣ ክፋት አስባ ሳይሆን እንዲያው እንደ ቀላል ነገር፣ «እኔ እዚህ ከምሰለፍ ብሞት ይሻለኛል» አለች። በቃ፣ አያቷ ሐዋሳ የሄዱት ያን ቀን ነው።

ጠዋት ደግሞ ሌላ ውሸት ጨመረችበት።

«አባባ፣ ዛሬ ሄደው እንዳይለፉ» አለቻቸው፣ የጫማዋን ክር የምታስር መስላ አጎንብሳ። «ዛሬ ዝግ ነው።»

«ምነው? ምን ሆኑ?»

«ውሃ ጠፍቶባቸው ነው። ለክበባችን ትናንት ነገሩን።»

አባባ ገበያው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው፣ መርፌ የወጉበትን ሆዳቸውን በጥጥ ጫን ጫን እያደረጉ ነበር። ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። «እንኳንም ዓርብ ሆነ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማታለኋ!» የነፍስ አባታቸው በሕመማቸው ምክንያት ከጾም ከገላገሏቸው ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ይሄ ነገር ሲያንገበግባቸው ነው የኖረው። የምር ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ሩሐማ ጥጡን አየችው። አየችውና ረሳችው። በጭንቅላቷ ውስጥ የነበሩት ሜቲና ካሜራው ብቻ ነበሩ።

አሁን ስድስት ሰዓት አልፏል። አዳራሹ ሞልቶ ሰሃን ይንኳኳል። ባርኔጣው አልመጣም። ሩሐማ ገና ትከሻዋን ዘና ማድረግ ስትጀምር፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ጦቢያ አንድ የተከደነ ሰሃን ይዘው ወደ እነሱ መጡ።

«እናንተ ልጆች፣ ጋሽ ገበያውን ያየ አለ? ቀጠን ያሉ፣ ባርኔጣ የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው።»

ሩሐማ አቀርቅራ ሽሮውን ታማስል ጀመር።

«አላየንም። ምን ሆኑ?» አለች ሜቲ።

«ቀርተው አያውቁም። ስኳር አለባቸው፤ ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው እዚህ መጥተው ይበላሉ። መርፌ ተወግቶ ሳይበሉ መዋል እኮ ቀልድ አይደለም! ባለፈው ወጥ ዘግይቶብን እዚያ ወንበር ላይ ነው ራሳቸውን ስተው የወደቁት። ወይ ጉድ! እንግዲህ ይሄን ላስቀምጥላቸው።» እየተጨነቁ ሰሃኑን መደርደሪያው ላይ አኖሩት።

ጥጡ ያን ጊዜ ትዝ አላት። ሩሐማ ክው አለች። እስካሁን የፈራችው እንዳይመጡባት ነበር። አሁን ግን የሚያስፈራት አለመምጣታቸው ሆነ።

እውነቱን እንናገር ካልን ወዲያው አልሮጠችም። ሁለት ሦስት ሰሃን ጨለፈች። ምናልባት ዳቦ ገዝተው በልተው ይሆናል፣ አለች በሆዷ። በምን ገንዘብ? ልደውልላቸው፣ አለች። አባባ ስልክ የላቸውም። ትታ ከወጣች ሁሉም ለምን ብለው ይጠይቃሉ፤ ከጠየቁ ደግሞ ሁሉም ነገር ይወጣል። ሽሮውን አንድ እናት ሰሃን ላይ ልትገለብጥ ስትል ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ሩሐማ?» አለች ሜቲ።

ሩሐማ ጭልፋውን ጥላ ወጣች።

«የት ነው? እንግዶቹ እኮ እየገቡ ነው!» ሲሉ የክበቡ ተጠሪ ቲቸር ፍሬአብ ከኋላዋ ተጣሩ። አልዞረችም። ሽርጧን እንዳሰረች በካሜራዎቹ መሃል አልፋ አስፋልቱን አቋረጠች። አንድ የታክሲ ሹፌር ፍሬኑን ሲጢጥ አድርጎ ያዘና «አብደሻል እንዴ!» ብሎ ጮኸባት። ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስትደርስ ሌላ ጊዜ ቆማ ትሳለም ነበር፤ ዛሬ «አንተው ታውቃለህ» ብቻ ብላ እየሮጠች አለፈች።

ከግቢያቸው በር ላይ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታቸው እትዬ አሚና ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«ሩሐማ! ምነው ልጄ?»

«አባባ... አባባን አይተዋቸዋል?»

«ቅድም በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ‹ጋሽ ገበያው፣ ዛሬ አይሄዱም እንዴ? ሰዎች በልተው ሲመለሱ አይቻለሁ፣ ክፍት ነው› ብላቸው ተቆጡኝ። ‹የልጅ ልጄ ዝግ ነው ብላኛለች፤ እሷ ትዋሸኛለች እንዴ?› ብለውኝ ገቡ። ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

ሩሐማ በሩን ገፍታ ገባች።

አባባ ገበያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን አድርገዋል። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ገላቸው ላይ ተለጥፏል፤ እጃቸው ይንዘፈዘፋል። ቀና ብለው አዩዋትና አላወቋትም።

«አባባ!»

«መጣችሁ?» አሉ በተሳሰረ አንደበት፣ ነጩን ሽርጧን እያዩ። «ቤቱን ልታፈርሱ ነው? ቆዩ... ዕቃዬን ላውጣ። የሩሐማ ደብተሮች አሉ... ደብተሮቿን...»

«እትዬ አሚና! እትዬ አሚና ድረሱልኝ!» ጩኸቷ የራሷ ድምፅ አልመስል አላት።

እትዬ አሚና አንዴ አይተው ገባቸው። «ያ አላህ! ስኳራቸው ወርዷል! ስኳር አላችሁ?» ሩሐማ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። በዚያ ቤት ማን ስኳር ያስገባል? ሴትዮዋ ወደ ሱቃቸው በረሩና አንድ ለስላሳ ይዘው ተመለሱ። መክፈቻ እስኪፈለግ አልጠበቁም፤ በጥርሳቸው ከፈቱት። «ደግፊያቸው! ቀስ ብለሽ፣ ትን እንዳይላቸው።»

የመጀመሪያው ጉንጭ በአገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ሩሐማ የአያቷን ጀርባ ደግፋ፣ ቀዝቃዛው ላብ በእጅጌዋ ውስጥ ሲገባ እየተሰማት፣ «በሞቴ ይዋጡ፣ አባባ፣ በሞቴ» ትላለች። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። የቤታቸው ግድግዳ በማሽን ሲናድ እንኳ እንዲህ አልሆነችም። ከዚያ ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ። ዋጡ። እንደገና ዋጡ።

ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። ቁጭ ብለው ጠበቁ። እትዬ አሚና በሹክሹክታ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሩሐማ የአያቷን እጅ ይዛ መንቀጥቀጡ ይቀንስ እንደሆነ ታዳምጣለች። ቀስ በቀስ ቀነሰ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፍተው ዙሪያቸውን አዩ።

«ሩሐማ» አሉ። «ምን ያስለቅስሻል? ደሞ ይሄ ነጭ ነገር ምንድነው?»

እትዬ አሚና «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ዳቦ ሊያመጡ ወጡ። «ይሄ ለጊዜው ነው» አሉ ሲመለሱ። «ትንሽ ይረፉና ደህና አድርገው ይብሉ። ከዚያ ጤና ጣቢያ አብረን እንወስዳቸዋለን።» ሱቃቸውን ክፍት ትተው ስለመጡ ወዲያው ሄዱ።

አባባ ዳቦውን ቆረስ አድርገው «ጾሜን አስፈታችሁኝ» አሉ እየቀለዱ።

ሩሐማ መሳቅ አልቻለችም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ውሃው ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል፤ ያምኗታል። ያስፈራት ደግሞ ይሄው ማመናቸው ነው።

«አባባ፣ ዝግ አልነበረም» አለች። «የትምህርት ቤቴ ልጆች ምግብ ሊያድሉ መጥተው ነበር። እኔም ነበርኩ። እንዳያዩዎት ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ማኘካቸውን አቆሙ። ሽርጡን ለረጅም ጊዜ አዩት። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት በተሻላት ነበር።

«ጓደኞችሽ አሁንም እዚያው ናቸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ነገ እሄዳለሁ፣ ልጄ» አሉ ፍርፋሪውን ከጉልበታቸው ላይ እያነሱ። «ዛሬ ዳቦው ይበቃኛል። አንቺ ሂጂ፣ እንዳይፈልጉሽ።»

በሩ ክፍት ነበር። ብቻዋን ብትመለስ፣ ሆዴን አሞኝ ነው ብትል፣ ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል። ሩሐማ ተነስታ ደረቅ ሸሚዝ ፈለገችላቸው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችላቸው። ባርኔጣቸውን አስተካከለችና ክንዷን ሰጠቻቸው።

«እትዬ ጦቢያ ሰሃንዎን ከድነው አስቀምጠውልዎታል» አለች። «ይነሱ፣ ሳይዘጋ እንድረስ።»

ቀስ እያሉ፣ እያረፉ ሄዱ። የማዕከሉ በር ታያቸው። እንግዶቹ ገና አልወጡም። ሜቲ በሩ ላይ ቆማ በስልኳ ቪዲዮ እየቀረጸች ነበር፤ ሩሐማን ስታይ ስልኩን ወደ እነሱ አዞረችው።

«የት ጠፍተሽ ነው? ቲቸር እኮ ሊያብድ...» አለችና ከአጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ አየች። ባርኔጣቸውን አየች። ስልኩን ቀስ ብላ አወረደችው። «ማናቸው?»

አባባ ገበያው ክንዳቸውን ከሩሐማ ክንድ ሊያላቅቁ ሞከሩ። እሷ ግን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻቸው።

«አያቴ ናቸው» አለች። «ሐዋሳ ሄደው አያውቁም።»

ከዚያ አያቷን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወስዳ ወንበር ላይ አስቀመጠችና የተከደነውን ሰሃን ልታመጣላቸው ሄደች።