ምን ይሸትሻል?

«ምን ይሸትሻል?» አለች እቴቴ፣ ብርጭቆውን የጩጬ አፍንጫ ሥር አስጠግታ።

ጩጬ አፍንጫዋን እስከቻለችው ድረስ ወደ ብርጭቆው አስገባች። አፍ ማስነካት ክልክል ነው፤ «ስታድጊ ትደርሺበታለሽ» ተብላለች። አፍንጫን ግን የከለከለ ሕግ የለም። ቀዩ ወይን የበሰለ እንጆሪ ይሸታል፤ ከሥር ከሥሩ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ቢጤ አለው። ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ለምን ትናገራለች? ባለፈው ቅዳሜ የነገረቻትን ሁሉ እቴቴ አንድ ቃል ሳትቀንስ ለእንግዶቹ ደግማው አልተጨበጨበላትም? ጭብጨባው ለእቴቴ፣ ብርጭቆ አጠባው ለጩጬ። እንዲህ ያለ ክፍፍል የት አገር ነው ያለው?

«አዲስ ጫማ» አለች ፈርጠም ብላ። «የቆዳ። ገና ከካርቶኑ ያልወጣ።»

ኩርኩም ነበር የጠበቀችው። እቴቴ ግን ብርጭቆውን ራሷም አሸተተች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ «እሺ» አለችና መጋረጃውን ገልጣ ወደ እንግዶቿ ወጣች።

የእቴቴ ሱቅ ከደሴቲቱ ጀልባ ማቆሚያ ፊት ለፊት ናት። ከጓዳ የዳቦ ምድጃው፣ ከፊት ባንኮኒውና የወይን መደርደሪያው፤ በመካከላቸው ያቺ መጋረጃ። ቅዳሜ ከሰዓት ቅምሻ አለ። እቴቴ ጠርሙስ ትከፍታለች፣ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ትቆርሳለች፣ ወይኑ ምን ምን እንደሚል ታወራለች፤ ሰው እየቀመሰ የወደደውን ይገዛል። ጩጬ የእህቷ ልጅ ናት። ስሙ ገና በሕፃንነቷ ወጣላት፣ አሁን ከአክስቷ በቁመት በልጣም አልተነሳላትም።

በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቀች።

«ይሄኛው» አለች እቴቴ ለእንግዶቹ፣ «አዲስ የቆዳ ጫማ ነው። ከነካርቶኑ!»

በጡረታ ላይ ያሉት ቲቸር ዓይናቸውን ጨፍነው ሽታውን ሳቡ። «አዎን!» አሉ። «በተለይ ካርቶኑ።»

ጩጬ እጇን አፏ ውስጥ ከትታ እስኪያንቃት ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቁ በመሐል ቆመባት። ቲቸርስ ይሁኑ። እቴቴ ግን እንዴት? ይቺ እኮ ቤቷ ሆና የማን ወጥ እንዳረረ የምታውቅ ሴት ነበረች! ሰፈሩ በሙሉ «ከእሷ አፍንጫ ይሰውረን» ይል አልነበር? እንጆሪና ጫማ እንዴት ይምታታባታል?

ነገሩ ሸተታት።

ነገር ከሸተታት ደግሞ ጩጬ እንቅልፍ የላትም። ሰኞ ዕለት ነጭ ሽንኩርት ደቁሳ በጨርቅ ቋጠረችና የእቴቴ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ሸጎጠችው። ስኳር ሊገዛ የመጣው ሁሉ ባንኮኒው ጋ ሲደርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። አንዷማ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ነበር መልስ የተቀበለችው። እቴቴ ግን ያንን ሁሉ ተሸክማ ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎረች ዋለች። ረቡዕ ዕለት ጩጬ ሌላ ነገር ልብ አለች። ዱሮ እቴቴ ዳቦው መድረሱን በሽታው ነበር የምታውቀው፤ «ጠራኝ» ትልና ትነሳለች። አሁን የምትደውል ትንሽ ሰዓት ምድጃው አናት ላይ አስቀምጣለች። እሷ ስትደውል ነው የምትነሳው።

አርብ ዕለት ጩጬ ሰዓቷን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀበረቻት።

ከዚያ ቁጭ ብላ ጠበቀች። መጀመሪያ የዳቦው ጥሩ ሽታ መጣ፣ ያ ሆድ የሚያባባው። ቀጥሎ ጠንከር አለ። ቀጥሎ የማረር ሽታ ተቀላቀለበት። እቴቴ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ የጠርሙሶቹን አቧራ ትወለውላለች። ቀና እንኳ አላለችም። ጩጬ ልታውቅ የፈለገችውን አውቃለች፤ ማወቁ ግን እንዳሰበችው ደስ አላላትም። ተነስታ ሮጠችና ምድጃውን ከፍታ ትሪውን ጎትታ አወጣችው።

«ተይ፣ ገና ነው! ሰዓቷ አልደወ...» አለች እቴቴ። ዳቦውን አየችው። ጥቁር ሆኗል። «ሰዓቴን የት አደረግሻት?»

«ዱቄት ውስጥ።»

እቴቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። በጣቷ አፍንጫዋን መታ መታ አደረገች። «ይሄ ሥራ ፈቷል» አለች። «የክረምቱ ጉንፋን ሲሄድ ይዞት ሄደ።»

«ሐኪምስ?»

«ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ። እንዲህማ እኔም አውቃለሁ! ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እህቴን አውቃታለሁ፤ ይበቃሻል፣ ሱቁን ዝጊና እኛ ጋ ነይ ነው የምትለኝ። እኔ ሰው ቤት መቀመጥ አልችልበትም።»

ጩጬ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እቴቴ... ያ ጫማ ያልኩሽ ወይን...»

«ምን ሆነ?»

«እንጆሪ ነበር።»

«ሙድ ያዝሽብኝ» አለች እቴቴ፣ ቃሉን ከጩጬ እንደሰማችው አድርጋ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «እኔ እኮ ካንቺ ሌላ አፍንጫ የለኝም፣ ጩጬ። ነገ ደግሞ ከማዶ የትልቁ ሆቴል ሼፍ ትመጣለች። ከወደደችው ወይንና ዳቦ ከእኔ ልትወስድ ነው። ካልወደደችው ይቺ ሱቅ ሌላ ክረምት አትችልም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሼፏ መጣች፤ ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት። መጀመሪያ የቀረቡት ወይኖች ጠጅሳር፣ የሎሚ ልጣጭ፣ እርጥብ ድንጋይ እየተባለ በሰላም አለፉ። ሼፏ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ቀጥሎ የመጨረሻው ነው፤ እቴቴ ለቁም ነገር ቀን ብላ ያቆየችው፣ ሼፏም ስሙን ሰምታ የመጣችለት።

እቴቴ ጓዳ ገብታ ከፈተችውና ቀድታ ለጩጬ ሰጠቻት። «ምን ይሸትሻል?»

ጩጬ አሸተተች። ደግማ አሸተተች። «ተበላሽቷል» አለች በሹክሹክታ። «ዝናብ የመታው ካርቶን ይሸታል።»

«ካርቶን?» እቴቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «ደግሞ ካርቶን? ዛሬም?»

«ሙች ስልሽ! የጠርሙሱ ቡሽ ነው ያበላሸው፣ አንቺ ራስሽ ነግረሽኝ የለ? ቡሹ ሲሻግት...»

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» አለች እቴቴ። ጠርሙሱን አነሳች። «ዛሬ ቀልድ አልችልም፣ የኔ ልጅ» ብላ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

ጩጬ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ዝም ብትል ሼፏ ታሸተዋለች፤ የበሰበሰ ወይን አቀረበችልኝ ብላ በሚቀጥለው ጀልባ ትሄዳለች። ብትናገር ሰው ሁሉ «እሷ እንዴት አልሸተታትም?» ይላል፤ ምስጢሩ ይወጣል፣ ወሬውም እናቷ ጋ ለመድረስ አንድ መንገድ መሻገር ነው የሚቀረው። ጠርሙሱን ተደናቅፌ ነው ብላ ብትጥለውስ? አሪፍ ነበር። ግን ከእንግዲህ እቴቴ የቱን ታምናለች? ያችን የጫማ ቀልድ ያመጣት ቀን ይረገም!

መጋረጃውን ገለጠች። እቴቴ ለሼፏ ቀድታ ጨርሳለች።

«አይጠጡት» አለች ጩጬ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ተበላሽቷል። ቡሹ ነው።»

ቲቸር ዳቦ እንደ ጎረሱ ቀሩ። ሼፏ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ጋ አደረገችና ወዲያው መልሳ አስቀመጠችው።

«ልክ ናት» አለች። ከዚያ ወደ እቴቴ ዞረች። «እርስዎ ሳያሸቱት ነው የቀዱልኝ?»

ጩጬ «እሷ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳተ ጠርሙስ...» ብላ ጀመረች። እቴቴ እጇን ያዘቻትና አስቆመቻት።

«አሽትቼዋለሁ» አለች እቴቴ። «ግን አይሸተኝም። ከክረምቱ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ የእሷ ነው። ይሄንንም ነግራኝ ነበር፤ አላመንኳትም።»

ሁሉም መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። የእቴቴ ጆሮ እስከ ጫፉ ቀልቷል። ጩጬ የአክስቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

ቲቸር የጎረሱትን ዋጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከተነሳ አይቀር እኔም ልናገር» አሉ። «እኔም ሸትቶኝ አያውቅም።»

«ምን?» አለች እቴቴ።

«ሁሉም። እርጥብ ድንጋዩ፣ ጠጅሳሩ፣ ያ ጫማውም። ሰው ሲነቀንቅ እነቀንቃለሁ እንጂ የምመጣው ለዳቦው ነው።»

መጀመሪያ እቴቴ በሳቅ ፈነዳች። ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ። ከበሩ ጋ የቆሙት ሴትዮ «እኔም! እኔም!» እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሼፏ ብቻ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እኔ ግን የመጣሁት ለወይኑ ነው» አለች። «የዚሁ ሌላ ጠርሙስ ካለ ይከፈት።»

ነበረ። እቴቴ እዚያው ሰው ፊት ከፈተችው። ብርጭቆውን ወደ ጓዳ አልወሰደችውም፤ ጠረጴዛው ላይ ጩጬ ፊት አኖረችውና ወንበር ሳበችላት። ሼፏም ለራሷ ቀድታ አሸተተች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«እሺ» አለች ለጩጬ። «ይሄስ?»

ጩጬ አሸተተች። አልተበላሸም፤ እሱን ወዲያው አወቀች። የቀረውን ግን አላወቀችውም። ከዚህ በፊት አግኝታው የማታውቀው ነገር ነው፤ ይመጣና ስም ልትሰጠው ስትል ይሸሻታል። እንጆሪ ብትልስ? ቲቸር ይነቀንቃሉ። ማር ብትልም ያምራል፤ ማር የማይወድ የለም። እቴቴ አጠገቧ ትንፋሿን ይዛለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ።

ዋጠችው።

«አላወቅኩትም» አለች። «ትንሽ ታገሡኝ።»

ሼፏ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጩጬ ዓይኗን ጨፈነችና አፍንጫዋን መልሳ ወደ ብርጭቆው አስገባች።