ለዳማ የታጨው ውሻ

ዲናሞ ሲዘል ሰንሰለቱ ተወጠረና አንገቱን ይዞ መልሶ መሬት ላይ ጣለው። ተነሣ። እንደገና ዘለለ። የአፉ አረፋ ከቆሰለው አንገቱ ደም ጋር ተቀላቅሎ ደረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ጸሎት በመጋዘኑ ደጃፍ ከተደረደረው የጤፍ ጆንያ ጋር ተጣብቃ ቆማለች።

«አየሽው?» አላት ሶሊ በኩራት። «እህል በረንዳን ብታስሺ እንዲህ ዓይነት ወንድ አታገኚም።»

ሶሊ የክፍሏ ልጅ ነው፤ መጋዘኑ ደግሞ የአጎቱ የጋሼ አስናቀው። ውሻሽን ከዲናሞ ጋር ክሮስ እናድርጋት፣ ትውለድለት እያለ ሲነዘንዛት ሰንብቷል። ውሻዋ ዳማ ትባላለች፤ መልኳም እንደ ስሟ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ጸሎት ነገሩን እንደ ዋዛ አላየችውም። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዳ አስመርምራታለች፣ አስከትባታለች፤ ለመውለድ መድረሷንም ጠይቃ አረጋግጣለች። የምትወልድበትን ሣጥን እንኳ ከጣውላ ሠርታ፣ ሶሊ ያመጣላትን ንጹሕ ጆንያ አንጥፋበታለች። ሐኪሟ ግን አንድ ነገር ደጋግማ ነግራት ነበር፤ «ወንዱን ቀድመሽ ብቻሽን እዪው። ጠባዩንም ክትባቱንም። ቡችሎቹ ማን ቤት እንደሚገቡም ሳታረግዝ በፊት እወቂ።»

ለዚህ ነው ከትምህርት ቤት መልስ ዳማን ቤት ትታ የመጣችው።

«ተከትቧል ብለኸኛል፣ አይደል?»

«አቦ ስንቴ ልንገርሽ። ተከትቧል። ሰውም ነክሶ አያውቅም። ይሄ ዝም ብሎ ፉገራ ነው።»

ጋሼ አስናቀው ቆመጥ ይዘው ከሚዛኑ ኋላ ብቅ አሉ።

«የሴቷ ባለቤት አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በይ እንግዲህ አማችሽን ተዋወቂ» አሉና የዲናሞን ጎድን ቆመጡን አቀመሱት። ድምፁ ከጆንያ አቧራ ሲያራግፉ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ውሻው ቆመጡን በጥርሱ ቀለበና ስንጥር አወጣለት። ጆንያ ያወርዱ የነበሩት ኩሊዎች ሥራ አቁመው ሳቁ።

«ለምን ይመቱታል?»

«እንዳይረሳ ነዋ። ቡችላ ሳለ ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን ቋጥሬ እየቀጠቀጥኩ ነው ያሳደግኩት። ውሻ እንዲህ ካልተሠራ ለሌባ ጭራውን ይቆላል። የውሻሽንም ልጆች እንዲሁ ነው የምንሠራቸው። ገና ሳይወለዱ ባለመጋዘኖቹ ተከፋፍለዋቸዋል።»

ጸሎት ሶሊን አየችው። እሱ ጫማውን አየ።

«ጥሩ ቤት ነው የሚገቡት አላልከኝም?»

«መጋዘንም ቤት አይደል እንዴ» አለና ሊስቅ ሞከረ።

ቆመጡ ደግሞ አረፈ። ዲናሞ ሲወረወር የሰንሰለቱ ቀለበት ተበጠሰ። ወደ መታው ሰው አልሄደም፤ የቀረበው ሶሊ ነበር። ክንዱን ነክሶ ጣለውና መሬት ለመሬት ጎተተው። የሹራቡ እጅጌ ተተረተረ፤ ሲሚንቶው ላይ የተበተነው ጤፍ ደም ጠጥቶ ቀላ። ጋሼ አስናቀው የውሻውን ጀርባ ይቀጠቅጡ ጀመር። በመቱት ቁጥር መንጋጋው ጠበቀ፤ መንጋጋው በጠበቀ ቁጥር ሶሊ ጮኸ። ጸሎት ምን እንደምታደርግ ሳታስብ እጇ ያገኘውን ባዶ ጆንያ አንሥታ የውሻው ራስ ላይ ጣለች።

ዲናሞ አፉን ከፈተ።

እግሮቹ ከሥሩ ታጠፉ። ጆንያው ሥር ተኮራምቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሽንቱም አመለጠው። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፣ እናቱ ትታው የሄደች ቡችላ የሚያሰማው ዓይነት። የጋሼ አስናቀው ቆመጥ እንደተነሣ ቀረ። ኩሊዎቹ አሁን አልሳቁም።

ጸሎት ሶሊን ደግፋ ወደ ቧንቧው ወሰደችው። ክንዱን በሳሙና እያጠበች እጅጌውን ወደ ላይ ስትሰበስብ፣ ከአዲሱ ቁስል ከፍ ብሎ ድሮ የዳኑ የጥርስ ጠባሳዎች አየች።

«የኳስ ሜዳ ሽቦ ቧጨረኝ ያልከው ይሄን ነው?»

«ሼም ይዞኝ ነው» አለ። «እንዳትናገሪ፣ ጀለስ።»

«ክትባቱስ?»

«አልተከተበም።»

«ተነሥ። ጤና ጣቢያ እንሂድ። የእብድ ውሻ መርፌ ሳትወጋ ቤት አትገባም።»

ጋሼ አስናቀው ትንፋሻቸውን ሰብስበው ከኋላ ተጣሩ። «ደም አየሽና ፈራሽ? ነገ ይዘሻት ነይ። ወቅቷ ሳያልፍ።»

«መጀመሪያ ይሰሩትና ጆንያውን ያንሡለት፣ ጋሼ» አለች። ሶሊንም ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለው ቤቷ ስትደርስ የዳማ ጠረን የጠራቸው የሰፈር ውሾች በሩ ላይ እርስ በርስ ይቦጫጨቃሉ። አንዱ ጆሮው ተቀድዷል። ድንጋይ ያነሣች መስላ በተነቻቸውና ገባች። ዳማ ዘላ ተቀበለቻት፤ እጅጌዋ ላይ የደረቀውን የሶሊን ደም አሽትታ ጆሮዋን ጣለች።

ጸሎት በሩን በመቀርቀሪያው ዘጋች፤ ዳማ እየቧጨረች ስትለማመጣት መቀርቀሪያው ላይ ሽቦ ጨመረችበት። ቀጥላ ወደ ሣጥኑ ሄደች። የተነጠፈውን ጆንያ መዝዛ አወጣችና አጣጥፋ ከቆሻሻው ጋር አኖረችው። የትምህርት ቤት ሹራቧን አውልቃ በቦታው አነጠፈች።

ዳማ መቧጨሩን ተወች። መጥታ ሹራቡን አሸተተች፤ ዞር ዞር ብላ ገባችና ተኛች።

ሣጥኑ ለአንድ ውሻ ሰፊ ነበር። ጸሎት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።