የጥዷ ጀርባ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ያ ወንበር አንድ እግሩ ይነቃነቃል፤ ቀለል ያለው ሰው ይቀመጥበት። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ፀጉር አስተካካይና ስለ አንዲት ፋርማሲስት ነው። በመካከላቸው ደግሞ ከክንድ የማትበልጥ የጥድ ዛፍ አለች።

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈርተኛው «ማበጠሪያ» ይለው ነበር፤ ከጆሮው ጀርባ ማበጠሪያ ስለማይጠፋ ነው። ሱቁ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ትልልቅ መስታወት አላት። ከበስተኋላዋ ጠባብ ግቢ፣ በግቢው ግንብ ሥር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የማያጣው የድንጋይ መደብ። ማበጠሪያ አንድን ሰው ቆርጦ ሲጨርስ ትንሿን የእጅ መስታወት ከማጅራቱ ኋላ ይይዝና «ከኋላ እንዲህ ነው» ይላል። ደንበኛውም ሳያይ «ጥሩ ነው» ብሎ ይነሣል። የሁልጊዜ ወጉ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራው ፋርማሲስት ዝርግ የሸክላ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ሳህኑ ላይ ግንዷ የጠመመ፣ ቅርፊቷ የተሰነጣጠቀ ጥድ ቆማለች፤ ትልቅ ዛፍ ከሩቅ ያያችሁ ነው የሚመስላችሁ። እንዲህ በሳህን ላይ አሳንሰው የሚያሳድጓትን ዛፍ ቦንሳይ ይሏታል። የፋርማሲስቷ አባት ሃያ ስምንት ዓመት ያሳደጓት ናት። እሳቸው ካረፉ ገና ወር አልሞላቸውም። የልጅቷ ክፍል መስኮት ወደ ግድግዳ ነው የሚከፈተው፤ ጥድ ደግሞ ቤት ውስጥ አትኖርም፣ ፀሐይና ንፋስ ካላገኘች ትሞታለች።

«መደብህ ላይ ትቀመጥልኝ» አለችው። «እኔ እንደሆነ ልነካት አልቻልኩም። በነካኋት ቁጥር የአባዬ እጅ ይመጣብኛል።»

ማበጠሪያ በሕይወቱ ያበቀለው ነገር ቢኖር የራሱን ጢም ነው። ዓይኗን አየና ግን እሺ አለ።

እንክብካቤውን ልክ ለበሽተኛ እንደምታደርገው በመድኃኒት ፖስታ ላይ ጻፈችለት። አፈሩን በጣት መንካት፤ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት። ቀንበጥ ሲረዝም በጣት መቀንጠስ፤ መቀስ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሩብ ዙር ማዞር፣ ሁሉም ጎኗ ፀሐይ እንዲያገኝ።

ፖስታውን አገላበጠና «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» አላት።

ከቀብሩ ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ስትጨርስ ሁሌ ብቅ ትላለች። ወደ ግቢው አትገባም፤ ከበሩ ላይ ሆና ጥዷን አየት ታደርግና ባዶው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እሷ የሳል ሽሮፕ ገዝተው ማን እንዳመመው ስለማይናገሩት ትነግረዋለች። እሱ የተዋናይ ፎቶ ይዘው መጥተው እንዲህ አድርገኝ ስለሚሉት ራሰ በራዎች ይነግራታል። ፊት ለፊት ለመተያየት ያፈሩ ሰዎች ናቸውና በመስታወቱ ውስጥ ይተያያሉ።

ታዲያ አንድ ደንበኛ የሌለበት ከሰዓት በኋላ ያ ነገር መጣ።

ጥዷ ከታች በኩል ወደ ጎን የተዘረጋች ቅርንጫፍ ነበረቻት። አባቷ በመጨረሻው ዓመታቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በመዳብ ሽቦ ያጎነበሷት ናት፤ ይህን ልጅቷ ራሷ ነግራዋለች። ጫፏ ረዝሞ ተንጨፍርሯል። ፖስታው በጣት ይላል፤ የማበጠሪያ ጣት ግን መቀስ ለምዷል። አንዴ ቆረጠ። ግራው ረዘመ። ግራውን አስተካከለ፤ ቀኙ ረዘመ። ፀጉር የሚቆርጥ ሰው ይህን ያውቀዋል። ወደ ልቡ ሲመለስ ቅርንጫፏ ላይ አንድ አረንጓዴ አልቀረም።

መጀመሪያ አልደነገጠም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በመቀሱ ያጠፋው ሁሉ በሁለት ሳምንት ይበቅል ነበር፤ ይህም ይበቅላል አለ። እስኪበቅል ድረስ ብሎ ሳህኑን አዞረና መላጣውን ጎን ከግንቡ አስጠጋው። ሁለት ሳምንት አለፈ። ወርም አለፈ። በመጨረሻ አንድ ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። ጥድ አረንጓዴዋን ሁሉ ከወሰዱባት ያ ቅርንጫፍ ዳግም አያወጣም ተባለ።

እንግዲህ እንዴት ያዙራት? ካዞራት ልትታይ ነው።

ቅዳሜ ሲመጣ ከበሩ ላይ ሆና «አዞርካት?» ትለዋለች።

«አዞርኳት» ይላል።

ከግንቡ በኩል ያለው ጎን ፀሐይ አጥቶ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቡናማ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሊያጠጣ ሲወጣ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። እንቅልፉ ሸሸ። አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር «ልጄ፣ የጢሜን ግማሽ ለነገ አሳደርከው?» እስኪሉት ድረስ ሐሳቡ ግቢው ውስጥ ነበር።

የአባቷ ሙት ዓመት ሊደርስ ሲል ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በመስታወቱ ሳይሆን ዞራ እሱን አየችው።

«እሁድ እማዬን ላመጣት ነው። ጥዷን ማየት ትፈልጋለች።» ቀጥላም «አንተንም» አለች። «እኔም ያን ቀን እነካታለሁ።»

ያን ሳምንት ስንት ውሸት አሰበ መሰላችሁ። ነፍሳት በላት ልበል? ሌላ ገዝቼ ልተካ? ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መጣች፤ እንደ ልማዷ ከበሩ ላይ ቆመች። ሳትጠይቀው ትንሿን የእጅ መስታወት ከምስማሩ አወረደና ወደ ግቢው ወጣ። እጁን በጥዷና በግንቡ መካከል አስገብቶ መስታወቷን ከኋላ ያዘ።

«ከኋላ እንዲህ ነው» አላት።

«ጥሩ ነው» የሚል አልነበረም። ረጅም ጊዜ አየች። እሱም መስታወቷን እንደያዘ ሁሉንም ነገራት፤ መቀሱን፣ መጠበቁን፣ ችግኝ ሻጩን።

«ቅርንጫፉን ያጠፋኸው አንድ ቀን ነው» አለች በመጨረሻ። «አዞርኳት ያልከኝ ግን በየሳምንቱ ነው።»

ወደ ግቢው ገባች። ያን ሁሉ ጊዜ ያልነካቻትን ጥድ በሁለት እጇ ያዘች፣ ከግንቡ አራቀቻት፣ ቡናማውን ጎን ጠዋት ፀሐይ ወደሚመጣበት አዞረችና ወጥታ ሄደች። እሁድ እናትም ልጅም አልመጡም።

ማበጠሪያ ይቅርታ ብሎ ደጇ ላይ አልቆመም። ቅዳሜ ሲመጣ ጥዷን ሩብ ዙር ያዞራል፤ ያየውን በባዶ የመድኃኒት ፖስታ ላይ ይጽፍና መንገዱን ተሻግሮ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል። «ቡናማው ረገፈ። ሦስት ቅርንጫፍ ላይ ትንሽ አረንጓዴ አለ። የአባትሽ ቅርንጫፍ ግን ሞቷል።» እሷም ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ትከትና «ቀጣይ» ብላ ሌላ ሰው ትጠራለች። አሥራ አንድ ቅዳሜ እንዲህ ሆነ።

በአሥራ ሁለተኛው እንዲህ ጻፈ፦ «ከኋላዋ፣ ካልሞቱት ቅርንጫፎች በአንዱ ላይ፣ አዲስ ቀንበጥ አወጣች፤ የመርፌ ጫፍ ታክላለች። እንዳልነካት እጄን ኪሴ ከትቻለሁ።»

የዚያን ዕለት አመሻሽ በሱቁ በር ገባች። እናቷ ተከትለዋታል፤ በእጃቸው ትንሽ ቢላ ይዘዋል። እናትየው መላጣዋን ቅርንጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ሽቦው ገና አልተፈታም።

«ባለቤቴ የሞተ ቅርንጫፍ አይቆርጥም ነበር» አሉ። «ቅርፊቱን ልጦ ነጩን ይተወዋል። ዛፏ የደረሰባትን ለምን ትደብቃለች ይል ነበር።»

ቢላውን ለማበጠሪያ ሰጡት። ሽቦውን ፈታና መላጥ ጀመረ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችው ልጅቷ።

«የአባትሽም ይንቀጠቀጥ ነበር ብለሽኛል።»

ያን ጊዜ ነው እጇን በእጁ ላይ ያደረገችው። አብረው ላጡት።

ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው፤ ጥዷ በቤታቸው በረንዳ ላይ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ያዞራታል፤ እሷም «አዞርካት?» ብላ አትጠይቅም። በየአራት ሳምንቱ ነጩ ቅርንጫፍ ወደ በሩ ይዞራል። ያን ሳምንት ማበጠሪያ ቀልዱን ይቀንሳል፤ ሲወጣ ሲገባ እሱን ነው የሚያየው። ሚስቱ ታውቃለች። በአጠገቡ ስታልፍ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች።

ልጆቼ፣ የቀረውን ብትረሱትም ያችን አራተኛዋን ሳምንት አስታውሱልኝ። ነጩ ቅርንጫፍ እንደሚታይ እያወቀ ሳይዘልል ሳህኑን የሚያዞርባትን።