የሎሚ ፈገግታ

ዊንታ የምትሠራበት ፎቶ ቤት አትላስ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ገሰሰ የፓስፖርትና የምርቃት ፎቶ ያነሳሉ፤ እሷ ደግሞ የተበላሹ አሮጌ ፎቶዎችን በኮምፒውተር ታድሳለች። የሚመጣላት በአብዛኛው የልጆች ፎቶ ነው። አይጥ የቀረጠፈው፣ ሻጋታ የበላው፣ ተቀድዶ በፕላስተር የተያያዘ። ብዙ ሰው ከልጅነቱ የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ስለሆነ፣ የሚያስረክባት በሁለት እጁ ይዞ ነው።

ደቻሳን ያወቀችው የሕንፃውን ሊፍት ሊጠግን በመጣ ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ ንግግረ ቁጥብ ሰው ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሲያልፍ በራቸው ላይ የተሰቀሉትን ሁለት ፎቶዎች አየ፤ የአንድ ሕፃን ፎቶ፣ ከመታደሱ በፊትና በኋላ። ጥቂት ቆሞ አይቶ ሄደ። በማግስቱ ፖስታ ይዞ ተመለሰ።

ፎቶው ላይ ሁለት ልጆች ቆመዋል። አንዱ እሱ ነው፣ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ። አጠገቡ ያለችው እህቱ ሎሚ ናት። አምስት ዓመቷ ነበር፤ ፎቶውን በተነሱ በዓመቱ በኩፍኝ ሞተች። ቤተሰቡ ቦሌ ቡልቡላ ከነበረው የእርሻ ቤቱ እዚያው አካባቢ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ፎቶው ዝናብ መታው፣ ከፍሬሙ መስታወት ጋርም ተጣበቀ። ሲያላቅቁት የሎሚ ፊት ከአፍንጫዋ በታች ተልጦ ቀረ። ሌላ የሎሚ ፎቶ የለም።

ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ አሠርቶት ነበር። ሁለቱም አፏንና አገጯን በኤአይ ሞልተው የምታምር ልጅ ሰጡት። እናቱ ወይዘሮ የሺአረግ ሁለቱንም አይተው ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «ይቺ የማን ልጅ ናት?»

ዊንታ ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው።

«እኔም አፍ ልፈጥርላት እችላለሁ» አለችው። «ግን የሷ አይሆንም። የምትመስለውን ሰው ማየት አለብኝ።»

«ያለሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ከፊትም ከጎንም አነሳችው። ከዚያ ካሜራውን አስቀምጣ ፊቱን ታጠናው ጀመር። ደቻሳ ሰው ይህን ያህል ጊዜ አይቶት ስለማያውቅ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። እሷም ለሥራ ብላ የጀመረችው ማየት ሥራው ከሚፈልገው በላይ እንደቆየ ያወቀችው ጋሽ ገሰሰ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው መጣ። መጀመሪያ ሥራው የት እንደደረሰ ለመጠየቅ፣ ቀጥሎ ምንም ሳይጠይቅ። ከሥራ ስትወጣ ሕንፃው ሥር ካለው ጁስ ቤት ስፕሪስ ይጠጣሉ። እሱ ሊፍት ውስጥ ተይዘው የሚያለቅሱ ትልልቅ ሰዎችን ያጫውታታል። እሷ ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳውን የሟች ልጃቸውን ዓይን እንድትገልጥላቸው ስለለመኗት ባልና ሚስት ትነግረዋለች። ስለ ፍቅር የተነጋገሩት ነገር የለም። አንድ ቅዳሜ ሲቀር ግን ዊንታ ያን ቀን የሠራችውን ሥራ ሰኞ እንደገና መሥራት ነበረባት።

የሎሚ አፍ አልመጣላትም። የደቻሳ ከንፈር ቀጭን ነው፤ ፎቶው ላይ የተረፈችው ትንሽ የጉንጭ መስመር ከሱ ጋር አትሄድም። እናቱን ለማየት ቡልቡላ ድረስ ሄደች። የሳቸውም አልገጠመም። ደቻሳ ውኃ ሊቀዳ ጀሪካን ይዞ ወደ ታች ሲወርድ ወይዘሮ የሺአረግ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የአባቷ አፍ ነው» አሏት። «ሰሚት ነው ያለው። ሄደሽ እይው፣ ልጄ። እኔ እንደላክሁሽ ግን ለደቻሳ እንዳትነግሪው፤ ይቀየመኛል።»

አባትየው አቶ ተስፉ ቤታቸውን ጥለው ሌላ ሴት ያገቡት ደቻሳ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ተነጋግረው አያውቁም። ይህን ዊንታ ታውቃለች። ቢሆንም እንደማትናገር ለእናትየው ቃል ገባችላቸው።

አቶ ተስፉን የመኪና መለዋወጫ ሱቃቸው በር ላይ አገኘቻቸው። ፎቶውን ስታሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ስለ ደቻሳ አልጠየቁም። ፊታቸውን እንድታነሳ ፈቀዱላት። ተሰናብታቸው ልትሄድ ስትል ጠሯት።

«ስትስቅ ከግራ በኩል ነበር የምትጀምረው» አሉ። «ቀኙ ዘግየት ብሎ ነው የሚከተለው።»

ሥራው በሦስት ቀን አለቀ። ቅዳሜ ደቻሳ ሲገባ ዊንታ የሎሚን ፊት የመጨረሻ ጥላ እያስተካከለች ነበር፤ የአባቱ ፊት የስክሪኑን ግማሽ ሞልቶታል።

«ማን ፈቀደልሽ?» አላት።

ዊንታ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«ማንን ጠይቀሽ ነው እዚህ ሰው ዘንድ የሄድሽው?»

«ለሎሚ ብዬ ነው የሄድኩት።»

አሮጌውን ፎቶ ከጠረጴዛው አንስቶ ወጣ። በደረጃ ሲወርድ የእግሩን ኮቴ እስከ ምድር ቤት ሰማችው።

ይህ የሆነው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ አልደወለም። በአንድ መልእክት እውነቱን ልታሳውቀው ትችል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጽፋ ሁለቱንም አጠፋች። እውነቱ ወይዘሮ የሺአረግን ልጅ ዳግመኛ የሚያሳጣቸው መሰላት።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ የታደሰውን ፎቶ አትማ ራሷ ቡልቡላ ወሰደችው። ወይዘሮ የሺአረግ ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ።

«ሎሚ» አሉ።

ዊንታ ስለ ደቻሳ ሳትጠይቅ ተነሳች። እሳቸው ግን በሩ ድረስ ሲሸኟት ፊቷን አይተው ሁለቱ በዚህ ምስጢር እንደተጣሉ ገባቸው። ልጃቸው ከሥራ ሲገባ ፎቶውን ፊት ለፊቱ አቁመው፣ ማን እንደላካት ነገሩት።

ደቻሳ ወዲያው አልመጣም። ሲመጣ ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ጋሽ ገሰሰ አይተውት፣ ወረቀት ልገዛ ብለው ወጡ።

«እናቴ ነገረችኝ» አላት።

«መቼ?»

«አሥር ቀን ይሆነዋል።»

«ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?»

«ሰሚት። ሁለት ጊዜ ከሱቁ በር ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ።»

ምን እንደተባባሉ አልጠየቀችውም፤ ራሱ ነገራት። ብዙ አልተነጋገሩም። ፎቶውን አብረው አዩ፤ አባትየው አለቀሱ፣ እሱ አላለቀሰም። ይቅር ይበላቸው አይበላቸው ገና አያውቅም። ግን እንደገና ሊሄድ አስቧል።

«ዝም ያልሽው እናቴን ላለማጋለጥ ነው» አለ። «እኔ ግን ለምን ዝም አለች ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።»

«አልጠየቅክም» አለች ዊንታ። ልታቀልለት አልፈለገችም። «ሦስት ወር ሙሉ።»

አንገቱን ደፋ። በመንገዱ ሁሉ ያጠናው ንግግር ነበር፤ ጠፋበት። የቀረለት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«አግቢኝ።»

ዊንታ ኮምፒውተሩን አጠፋች። ሲቆጣ በሩን ዘግቶ የሚሄድ ሰው እንደሚያስፈራት ሳትደብቅ ነገረችው። እሱም እንደዚያ መሄድን ያየው ከአባቱ እንደሆነ፣ በራሱ ላይ ያስተዋለው ግን በዚህ ክረምት እንደሆነ ነገራት። ከዚያ እስከ እሑድ ጊዜ እንዲሰጣት ጠየቀችው። እሺ ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጎሮ አንድ ሕንፃ ላይ ሊፍት እየጠገነ ሳለ ስልኩ ጠራ።

«እሑድን መጠበቅ አቃተኝ» አለችው።