ግራኙና ባለጢሙ

ሙሰብ ቤዝቦል አይወድም። ጨዋታው መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ እንዳለቀ አይገባውም። የቤዝቦል ካርድ ግን ይሰበስባል።

ካርዶቹ አዲስ ናቸው፤ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው እንዲመስሉ ተደርገው ነው የታተሙት። ጠርዛቸው ቡኒ፣ ሥዕላቸው የደበዘዘ። በዲቪ ኦክላንድ የገባ ሰሞን ተቀጥሮ የሠራበት ሱቅ ይሸጣቸው ነበር። ከጀርባቸው ስለ ተጫዋቹ አጭር ጽሑፍ አለ። ሙሰብ እንግሊዝኛ የለመደው እሱን እያነበበ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሰው ማመስገን ሲፈልግ «ክንደ ብርቱ ነህ» ይላል።

አንድ ካርድ ብቻ ጎደለው። ግራኙ ኳስ ወርዋሪ።

ሳን ሆዜ በተዘጋጀ የካርድ ገበያ አገኘው። ሂጃብ የለበሰች ልጅ አልበም ውስጥ ነበር።

«ስንት ነው?» አላት በእንግሊዝኛ።

«ኖት ፎር ሴል» አለች። ከዚያ ፊቱን አየችው። «ሐበሻ ነህ እንዴ?»

ካውሰር ትባላለች። እዚያው ሳን ሆዜ ተወልዳ ያደገች ናት። የእሷም ስብስብ አንድ ጎድሎታል፤ ባለጢሙ ኳስ ያዥ። እሱ ደግሞ ሙሰብ ጋ አለ።

«ትሬድ እናድርግ?»

«ባለጢሙን ከሰጠሁሽ የኔ ይጎድላል።»

«ግራኙን ከሰጠሁህ የኔም ይጎድላል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ኮል አድርግልኝ። እናስብበታለን።»

አሰቡበት። ክረምቱን ሙሉ በስልክ አሰቡበት። ስለ ካርድ ማውራት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን አንዳቸው «እንግዲህ የግራኙን ነገር ነገ እንነጋገር» ማለታቸው አልቀረም። ሙሰብ አንድ ነገር ፈራ። ከሁለት አንዳቸው የጎደለውን ከሌላ ቦታ ካገኙ፣ ነገ የሚደወልበት ምክንያት አይኖርም።

«ለምን ቤት መጥተህ አታየውም?» አለችው አንድ ቀን። «ግን ባባ ብቻውን የመጣ ወንድ አያስገባም። ትልቅ ሰው ይዘህ ና።»

አጎቱን ዘይኑን ለመነው። ዘይኑ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ወገቡ የተበላሸ ሰው ነው። «በአንድ መኪና ሦስት ከሆንን የካርፑሉ መስመር ነፃ ነው» አለና ከቴሌግራፍ ጎዳና ጓደኛውን ወልደ ሚካኤልን ጫነ። ሁለቱም ለቅሶ ደርሰው መመለሳቸው ስለነበር ኮት ለብሰዋል።

ሙሰብ ከበሩ ላይ አወረዳቸውና ፓርኪንግ ፍለጋ ሄደ።

የካውሰር አባት አብዱልሙኒም ከፈተ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ በኮት፣ በእሑድ ቀን።

«ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ።»

«ቆመን ይሻለናል» አለ ዘይኑ። ወገቡ ነው። ጓደኛው ቆሞ መቀመጥ ነውር መስሎት ወልደ ሚካኤልም ቆመ።

አብዱልሙኒም ደነገጠ። እሱ ባደገበት አገር ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ ተቀመጥ ቢባል አይቀመጥም። መጀመሪያ የመጣበት ይሰማለታል።

«መይሙና!» ብሎ ሚስቱን ጠራ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጁ ምን ይሠራል?»

«አሁን ፍሪሞንት፣ ፋብሪካ ነው» አለ ዘይኑ።

«ይሰግዳል?»

«አምስቱንም።»

«ጫትስ?»

«አይቅምም።»

ዘይኑ ወደ ወልደ ሚካኤል ጠጋ አለ። «ካርድ ለማየት ይሄ ሁሉ ምርመራ?»

«ዕቃው ውድ ቢሆን ነው» አለ ወልደ ሚካኤል።

«ተመካክረን መልስ እንሰጣችኋለን» አለ አብዱልሙኒም።

ይህን ጊዜ ሙሰብ አልበሙን ታቅፎ ገባ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለች መይሙና።

«ልጁ ነዋ!» አለ ዘይኑ።

«በራሱ እግር? ከሽማግሌ ጋር? የዘንድሮ ልጅ ትንሽ እንኳ አያፍርም?»

ካውሰር አልበሟን ይዛ ከፎቅ ወረደች። የቆሙትን ሽማግሌዎች አየች፤ የእናቷን ፊት አየች፤ ገባት።

«ባባ፣ ኦ ማይ ጋድ! ካርድ ሊያዩ እኮ ነው የመጡት!»



«ልጄን አይደለም?» አለ አብዱልሙኒም። የተከፋ ይመስላል።

ሁሉም ሙሰብን አዩት። ሙሰብ ካውሰርን አያት። እሷ ምንጣፉን ታያለች። አልበሟን ግን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ካርዱ ይቅር» አለ ሙሰብ። «እሷን ነው።»

«ካርዱማ አይቀርም!» አለች ካውሰር ቀና ብላ።

አባቷ ከዚህ የበለጠ መልስ አልጠበቀም። «አሁንስ ተቀመጡ» አለ። ዘይኑን ለማስቀመጥ ሁለት ሰው ደገፈው።

በኒካሑ ቀን ሼኹ ካውሰርን መህሯ፣ ሙሽራው የሚሰጣት ስጦታ፣ ምን እንደሆነ ጠየቋት።

«ባለጢሙ» አለች።

ሼኹ ካርዱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አስተካክለው ጢማሙን ሰውዬ ቆየት ብለው አዩት።

«ዘመድ ነው?» አሉ።

ዛሬ ኤል ሴሪቶ ይኖራሉ። ስብስቡ ሞልቷል፤ ግራኙና ባለጢሙ ጎን ለጎን ናቸው። ባለጢሙ ግን አሁን የሙሰብ አይደለም። መህር የሚስት ንብረት ነው። ባለጢሙን ማየት ሲያምረው ያስፈቅዳል። አንዳንድ ቀን ትከለክለዋለች። ስትፈቅድለት አልበሙን ጭኑ ላይ ይዘረጋና ቀና ብሎ ያያታል።

«ክንደ ብርቱ ነሽ» ይላታል።